ሐኪም የሆነችበት ሚስት

የልብስ ሰፊዋ ባል አውቶቡስ ነጂ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አንድ መስመር ላይ የሠራ፣ ቀስ ብሎ በመንዳቱም የሥራ ጓደኞቹ «ዝግታ» ብለው የሚጠሩት ሰው። «ከዝግታ ጋር ጎረምሳ ሆኖ የተሳፈረ ሽማግሌ ሆኖ ይወርዳል» እያሉ ሲያሾፉበት አብሯቸው ይስቅ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ መድኃኒት ቤቱ ያለበት መታጠፊያ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ገጭቶ የገደለው።

ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው። መንገዱ ያንሸራትት እንደነበር፣ ፍሬኑንም በጊዜው እንደያዘ ምስክሮች ተናገሩለት። ሕግ የለቀቀውን ሰው ግን የራሱ ልብ አልለቅ አለው። መሪ መጨበጥ ስላቃተው መሥሪያ ቤቱ ወደ መለዋወጫ ዕቃ ክፍል አዛወረው። መጀመሪያ ያንን መታጠፊያ ሸሸ፤ ቀጥሎ ዋናውን መንገድ በሙሉ ተወውና በውስጥ ለውስጥ እየዞረ ሥራ ይገባ ጀመር። ቤት ሲመጣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ይቀመጣል። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሚስቱ «ዝም አይነቅዝም» ብላ ብዙ ታገሠች፤ የእሱ ዝምታ ግን ነቀዘ። ከውስጥ ሲበላው እያየች፣ ሱሪውን በየጊዜው እያጠበበች ትሰጠው ነበር።

«ሥነ ልቦና ለጀማሪዎች» የሚለውን ማስታወቂያ ያየችው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በነጻ። ክር ልትገዛ ወጥታ ተመዝግባ ተመለሰች።

መምህሯ ድምፅዋ ቀጭን፣ ነገሯ ግን ወፍራም ነበር። መስማትና ማዳመጥ ለየቅል መሆናቸውን፣ ሰው ሲቆጣ ከቁጣው ሥር ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር እንደሚኖር፣ አእምሮ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያስር አስተማረቻቸው። ልብስ ሰፊዋ የተማረችውን ሱቋ ውስጥ ሞከረችው። ቀሚሷን ሦስቴ አስፈትታ ሦስቴ «አልሆነኝም» ያለች አንዲት ሙሽራ ነበረች። መርፌውን አስቀምጣ «የከፋሽ ነገር ያለ ይመስላል» ብትላት፣ ልጅቷ «እናቴ ሠርጌ ላይ አልመጣም አለች፣ እትዬ» ብላ እዚያው ተንሰቀሰቀች። ቀሚሱ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ደንበኞቿ ጨርቅ ይዘው መጥተው ሆዳቸውን ዘርግፈው ይሄዱ ጀመር።

እጄ ተፈታ ብላ አመነች። ፊቷንም ወደ ባሏ አዞረች።

መጀመሪያ በቀስታ ነበር። ምን እየተሰማህ ነው፣ ሐዘን ነው ወይስ ጸጸት፣ ስሙን ጥራው ትለው ነበር። እሱ «ደህና ነኝ» ይላል። እሷ ደግሞ «ደህና ነኝ» ማለት ራሱ መሸሽ እንደሆነ ታስረዳዋለች። እየቆየ ስትቀርበው ማንኪያውን አስቀምጦ መነሣት ጀመረ። መነሣቱንም አጠናችው።

አንድ ቅዳሜ መምህሯ ስለ ፍርሃት አስተማረች፤ የሸሹት ነገር እንደሚገዝፍ፣ ፊት ለፊት የቆሙለት ደግሞ እያደር እንደሚያንስ። ልብስ ሰፊዋ መድኃኒቱን በእጇ የጨበጠች ያህል ልቧ ዘለለ። በማግሥቱ እሁድ ረፋድ ላይ እህቴ ቤት አብረን እንሂድ ብላ ባሏን ይዛው ወጣች። እያዋዛች፣ ክንዱን እንደያዘች፣ ከአንዱ ቅያስ ወደ ሌላው ስታዞረው መንገዱን ልብ አላለም። ቀና ሲል መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊቱ ነው።

ሊመለስ ሲል ክንዱን አጥብቃ ያዘችው። ፍርሃቱ ይነሣና መልሶ ይወርዳል፣ እስኪወርድ ጠብቅ አለችው። ያን ጊዜ የድሮ መስመሩ አውቶቡስ መጣ። ነጂው የጥንት ጓደኛውን ሲያይ ደስ ብሎት፣ ለሰላምታ ጥሩምባውን ነፋለት። ባሏ ተንበረከከ። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ እዚያው አስፋልቱ ዳር ተንበረከከ፣ ሱሪውም ረጠበ። ሰው ተሰበሰበ። ሹራቧን አውልቃ ወገቡ ላይ አሰረችለት።

ቤት ደረሱ። ልብሱን ቀየረ፤ ትንሽ ሻንጣ አዘጋጀ። በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ «ሚስት ነበረችኝ» አላት። «ሐኪም ሆንሽብኝ።» ወደ ታላቅ ወንድሙ ቤት ሄደ።

ለመምህሯ ነገረቻት። መምህሯም እንዲህ ያለው ነገር በሰውየው በራሱ ፈቃድ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ከሠለጠነ ሰው ጋር እንጂ እንደማይሆን ተናግሬ ነበር አለች፤ ግን የተናገርኩት መጨረሻ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን ሲሸክፍ ነው። «ይህን ትምህርት የምሰጠው ራሳችሁን እንድታውቁበት ነበር» አለችና ዓይኗን ጠረገች። መምህሯ ያንን ስትናገር ልብስ ሰፊዋ አልሰማችም ነበር። ሐሳቧ እሁድ ላይ ነበረ።

ከርማ ወደ ወንድምየው ቤት ሄደች። ባሏ ጓሮ ተቀምጦ እግሩ የላላ ወንበር ይጠግናል። መንገድ ላይ ያሰናዳችውን ጥያቄ ሁሉ ዋጥ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። ሚስማር ሲፈልግ ታቀብለዋለች። ብዙ ቆዩ።

«ታውቀኝ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ መዶሻውን እያየ። «እማማ። ሁልጊዜ እቆምላታለሁ፣ እጇን አንሥታ መርቃኝ ትሻገራለች። ያን ቀንም አየችኝ። እሱ ይቆምልኛል ብላ ነው የገባችው።»

ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

«ለማንም አልነገርኩም» አላት። «አንቺ ሳታውቂው እንዳይቀር ብዬ ነገርኩሽ። ግን አልመለስም። እንዳልጠላሁሽም እወቂው። ፊትሽን ሳይ ያ መታጠፊያ ይመጣብኛል፣ ክንዴን የያዝሽው ይመጣብኛል። ብታገለውም እምቢ አለኝ።»

ገባት። ክፋቱ መግባቱ ነው። አእምሮ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያስር ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ ተምራዋለች። ያልተማረች ብትሆን ኖሮ ትለምነው፣ ታኮርፈው፣ ሽማግሌ ትልክበት ነበር። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ትከሻውን ልትነካው ፈለገችና ተወችው።

ብርዱ ሲገባ ታላቅ ወንድሙ የባሏን ካፖርት ሊወስድ መጣ። ገበሩን ቀይራ፣ ተኩሳ ጠብቃው ነበር። ሳትሰጠው በፊት ጥቂት በእጇ ይዛው ቆየች።

«እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ጋሼ?» አለችው።

«ትንሽ ይሻላል። ሰሞኑን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ብቻውን ይሄዳል።»

«እግዜር ይመስገን» አለች፣ ከልቧ። ካፖርቱን አጥፋ ሰጠችው፤ በሩን ዘግታም ደንበኛ እስኪያንኳኳ ድረስ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች።