ሐይቁ ዝም ያለ ቀን

ያን ቀን ስንቃቸውን የቋጠርኩላቸው እኔ ነኝ። የተጠበሰ ቂጣ ከጨው ዓሣ ጋር፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ በቴርሞስ የካካዎ ሻይ፣ ደግሞ ጥሬ እንቁላል። እንቁላሉን በጥሬው የምንሰጠው አውቀን ነው። ወደሚፈላው ሐይቅ የሚወጣ እንግዳ ሁሉ፣ መንገድ ላይ በጠፍ ሸለቆ ፍል ውሃ እንቁላል ቀቅሎ ካልበላ ደሴታችንን ዶሚኒካን ያየ አይመስለውም።

የምትመራቸው አንሴልማ የባሌ ታናሽ እህት ናት። ተራራውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቀልድ ትወዳለች፤ እንግዳ ሲደክመው እየዘፈነች ታስኬደዋለች። እንግዶቹ ከባርቤዶስ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ካርላይል ዕድሜውን በመርከብ ላይ ምግብ ሲያበስል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሳቁ ከማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ሚስቱ ሜልቪና ደግሞ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ሁሉን ነገር የምትፈራ ሴት ናት። ጀልባ ትፈራለች፤ ገደል ትፈራለች፤ የእኔን እንሽላሊት የምታክል ድመት እንኳ ዞራ ነው ያለፈቻት።

ደጄ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያስሩ ካርላይል ነገር ጀመራት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከፈራሽ እዚሁ ቅሪ። ሐይቁን በፎቶ አመጣልሻለሁ።»

«አንተን ብቻህን ልልክህ? ድስቱ ውስጥ ገብተህ ጨው ስጡኝ ማለትህ አይቀርም» አለችው።

ሁላችንም ሳቅን። ሄዱ።

ጫካው እንደ ሁልጊዜው ጭቃ ነበር። አንሴልማ ከፊት፣ ሜልቪና መሀል፣ ካርላይል እያለከለከና እየቀለደ ከኋላ። የተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ በደህና ቀን ከማዶ የሐይቁ እንፋሎት እንደ ነጭ ዓምድ ቆሞ ይታያል። ያን ቀን አልታየም። አንሴልማ ደመና ጋርዶት ይሆናል ብላ አለፈች። ግን ሁለቴ ዞራ እንዳየች በኋላ ነገረችኝ።

ጠፍ ሸለቆ ሲደርሱ ደመናውም ገለጥ አለ። እዚያ ሣር አይበቅልም። መሬቱ ቢጫና ነጭ ነው፤ በየስንጥቁ ውሃ ይንተከተካል፤ ድኙ ይሸታል፤ ልክ የተበላሸ እንቁላል። «እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጡ። ቅርፊቱ ስስ ነው፤ ከሥሩ የፈላ ውሃ አለ» አለቻቸው። ሜልቪና የአንሴልማን ዱካ እየፈለገች፣ በልቧ እየጸለየች ተሻገረች። እንቁላሉን ቀቅለው በሉ። ካርላይል ግራጫውን ጭቃ ፊቱ ላይ ለቀለቀና ሚስቱንም ካልቀባሁሽ ብሎ አባረራት፤ «ሃያ ዓመት ታንሻለሽ፣ እመኚኝ!» ይላታል። ያቺ ፈሪ ሴት እንኳ ሳቀች። አንሴልማ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ከሸለቆው ወጥተው የመጨረሻዋን ኮረብታ ሲይዙ አንሴልማ ድንገት ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ካርላይል።

«ይሰማዎታል?»

«ምኑ?»

«ምንም» አለች። «ምንም አይሰማም።»

ሐይቁን ሰው ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። እንደ ትልቅ ጎላ ይንዶቀዶቃል፤ መሬቱ ከእግር ሥር ይርገበገባል። ያን ቀን ግን ወፍ እንኳ የለም። አፋፉ ላይ ወጥተው ቁልቁል አዩ። እንፋሎት የለም። ውሃው ከግማሽ በታች ጎድሏል፤ ዙሪያው እርጥብ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ቀርቷል፤ ከታች የቀረው ውሃ እንደ ሞተ ሰው ዓይን ግራጫ ሆኖ ተኝቷል።

ካርላይል ወገቡን ይዞ ቆየና ሳቁን ለቀቀው። «ጉድ እኮ ነው! ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ከእሳት የወረደ ድስት ለማየት ነው?»

አንሴልማ አልሳቀችም። ከልጅነታችን ጀምሮ ሽማግሌዎች የሚሉን አንድ ነገር አለ፤ ሐይቁ ሲጮህ አትፍሩት፣ ዝም ሲል ግን አትጠጉት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ታወቃት። ሽታው ጠፍቷል። ጠዋቱን ሙሉ አፍንጫቸው ውስጥ የነበረው የድኝ ሽታ የለም። ሽታው ሲከር አፍንጫን እንደሚያደነዝዝ፣ ጠፋ ማለትም ሄደ ማለት እንዳይደለ ታውቃለች።

«እንመለስ» አለች። «አሁኑኑ።»

«ቆይ እንጂ ልጄ! ቢያንስ ውሃውን ነክቼው ልምጣ። የቀዘቀዘ ሐይቅ ማን አይቶ ያውቃል?»

«ሚስተር ካርላይል፣ አይወርዱም። እምቢ ካሉኝ ለዘላለም እንጣላለን።»

«እሺ እሺ፣ አትቆጪኝ» አለና እጁን አነሳ።

እውነትም የተስማማ መሰላት። ለመንደሩ ልትነግር ስልኳን አውጥታ መስመር ፍለጋ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ወደ ከፍታው ወጣች። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ሳለ ሜልቪና ስትጮህ ሰማች።

«ካርላይል! አንተ ሰውዬ! ተመለስ!»

አንሴልማ ሮጣ ስትደርስ ካርላይል ከአፋፉ ወርዶ ቁልቁለቱን ይዟል። «ፎቶ አንሺኝ!» እያለ እጁን ያውለበልባል። ከዚያ ቆመ። የሆነ ነገር የረሳ ሰው መሰለ። ዞሮ አያቸው፤ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልክ የደከመው ሰው አረፍ እንደሚለው ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር። አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

«እያረፈ ነው» አለች ሜልቪና። «አይደል? እያረፈ ነው በይኝ።»

አንሴልማ የሴትዮዋን የእጅ አንጓ ጨምድዳ ያዘች። «አይወርዱም።»

«ባሌ እኮ ነው! ልቀቂኝ!»

«የወረደ ሁሉ አጠገቡ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ሬሳ ይሆናል። ይስሙኝ፣ እማማ፣ አየሩ ነው። መርዝ ነው። ንፋስ እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

«ንፋስ? ንፋስ ነው ያልሽኝ?»

ቅጠል አይነቃነቅም። አንሴልማ አንድ እጇ ሜልቪናን ይዟል፤ በሌላው ከቦርሳዋ ገመድ ታወጣለች። ወንዝ ስትሻገር የምትይዘው ገመድ ነው። ገመዱ ሁለቴ ወደቀባት። «እውነቱን ልንገርሽ» አለችኝ በኋላ፤ «ንፋሱ ባይመጣ ብዬ የተመኘሁበት ቅጽበት ነበር። ካልመጣ መውረድ የለብኝማ።» ሜልቪና መጮህ ትታ ነበር። ስሙን ብቻ በሹክሹክታ ትጠራለች፤ ደጋግማ፣ ልክ የተኛ ልጅ እንደምትቀሰቅስ።

ከዚያ የአንሴልማ የአንገት ፀጉር ተነሳ። ንፋስ ነው። ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ በኩል፣ መጀመሪያ ስስ ሆኖ፣ ቀጥሎ የሜልቪናን ባርኔጣ ከራሷ ላይ ነጥቆ እስኪወስድ ድረስ በርትቶ መጣ።

የገመዱን አንድ ጫፍ በወገቧ አሰረች፤ ሌላውን በቋጥኝ ላይ ጠምጥማ ለሜልቪና ሰጠቻት። «ከተቀመጥኩ ይጎትቱኝ። ምንም ቢያዩ እንዳይወርዱ።»

«እኔ አልችልም። እኔ ምንም አልችልም።»

«ይያዙት!»

ያዘችው።

አንሴልማ ትንፋሿን ስባ ወረደች። ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ይንሸራተታል። ጆሮዋ ውስጥ የገዛ ልቧ ይመታል። ካርላይል ጋ ስትደርስ ጭቃው የደረቀበት ፊቱ ግራጫ ነው፤ ጭቃው ይሁን ሞት መለየት አልቻለችም። ገመዱን ከወገቧ ፈትታ በብብቱ ሥር አሳልፋ አሰረች። ከዚያ በኋላ እሷን የያዛት ነገር አልነበረም። ትንፋሿ አለቀ፤ ሳበች፤ ራሷ እንደ እንዝርት ዞረ። «ይሳቡ!» ብላ ጮኸች።

ላይ ያለችው ሴት ሳበች። ያቺ ቀጭን ሴት እግሯን ቋጥኙ ላይ ተክላ፣ ወደ ኋላ ተንጋልላ ሳበች። አንሴልማ ከሥር በትከሻዋ ገፋች። ሰውዬው እንደ በሬ ይከብዳል። ተንሸራተቱ፣ እንደገና ገፋች፣ እንደገና ተንሸራተቱ። ከዚያ ካርላይል አንዴ አቃሰተ፤ ክንዱ ተንቀሳቀሰ፤ በደመ ነፍስ መሬቱን ይቧጥጥ ጀመር። ሦስቱም አፋፉ ላይ ተዘረሩ። ካርላይል አስመለሰው፤ ዓይኑን ገለጠ፤ ሚስቱን አያት፤ ግን ያወቃት አልመሰለም።

ያን ጊዜ ነው ሐይቁ የተናገረው።

ከመሬት ሥር አንድ ጊዜ፣ ትልቅ አውሬ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ያለ ድምፅ መጣ። ከታች ያ ግራጫ ውሃ መሀሉ አበጠ፤ ጥቁር ጭቃ ተፋ፤ መልሶ ተኛ። አንሴልማና ሜልቪና ሰውዬውን በሁለት ብብቱ ገብተው አነሱትና ኮረብታውን ቁልቁል ወረዱ።

ጠፍ ሸለቆ ሲደርሱ ጉም ሞልቶታል። ጠዋት የረገጡት ዱካ አይታይም፤ ቢጫው ከነጩ አይለይም። አንሴልማ በበትሯ መሬቱን እየመታች፣ ድምፁን እያዳመጠች፣ አንድ እግር አስቀድማ ትሄዳለች። ግራም ቀኝም ከጉሙ ውስጥ ውሃ ይንተከተካል፤ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም። አንዴ በትሩ ቅርፊቱን ሰብሮ ገባ፤ እንፋሎቱ እጇን ለበለባት። አልጮኸችም። ብጮህ ሴትዮዋ ትሮጣለች፣ ከሮጠች ሁላችንም አለቅን ብላ አሰበች። ከንፈሯን ነክሳ በትሩን ወደ ሌላ ቦታ አዞረች።

«ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?» አለች ሜልቪና ከኋላ።

«መንገዱን እያየሁ ነው።»

«ውሸትሽን ነው።»

«አዎ፣ ውሸቴን ነው። ቀስ ብለው ይከተሉኝ።»

መሀል ላይ ሳሉ የተበላሸ እንቁላል ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። አንሴልማ ቆማ አለቀሰች። አፍንጫዋ ተመልሶላታል፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አየር ጣፍጧት አያውቅም። ካርላይልም በዚያን ጊዜ ነው የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው። «ሜል፣ የት ነን?» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። ሚስቱ ግንባሩን ሳመችው።

ጫካው ውስጥ ባሌና ሌሎች የመንደሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ተቀበሏቸው። የአንሴልማ ስልክ ከመቋረጡ በፊት «ሐይቁ ዝም» የምትል ቃል ለባሌ ደርሳው ነበር፤ እሷ በቅታው ነው የወጣው። መንገዱ የሚያልቀው ጠባቧ ገደል ጋ ነው፤ እንግዶች ቀዝቃዛውን ውሃ በሁለት የድንጋይ ግድግዳ መሀል እየዋኙ ፏፏቴው ድረስ የሚሄዱባት። ገደሏ ያን ከሰዓት በሰው ሞልታ ነበር፤ እኔም እዚያ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። የመርከብ እንግዶች ይንቦጫረቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱ ከውሃው ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ «ሐይቁ እንዴት ነበር? ያስደስታል?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቃሬዛውን አየ። ሜልቪና ገመዱን አሁንም እንደያዘች ነበረች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ የፈታሁላት እኔ ነኝ። መዳፏ ተልጧል፤ አላወቀችም።

ካርላይል በዋና ከተማችን በሮዞ ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ። መንገዱ ተዘጋ፤ ሐይቁም ሳምንታት ቆይቶ ሞልቶ መፍላት ጀመረ፤ ሌሎች እንግዶችም እንደገና ይመጡ ጀመር። ሜልቪና አልፎ አልፎ ትደውላለች። ካርላይል ዛሬ ቀልዱ ተመልሶለታል አሉ፤ የዚያን ቀን ነገር ሲነሳ ግን ይነሳና ከቤት ይወጣል።

አንሴልማ አሁንም እንግዳ ትወስዳለች፣ ግን ጠፍ ሸለቆ ድረስ ብቻ። እንቁላሉን ይቀቅላሉ፣ ጭቃውን ይቀባሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄደውን ለሌላ አስጎብኚ ትሰጣለች። እያወራች ንፋሱ ቀጥ ካለ ወሬዋን አቋርጣ አየሩን ታሸታለች። ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲወርድ ቤቷ ሄጄ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ውሃው አልጋው ላይ ሲገባ አገኘሁ። ልዘጋ ተነሳሁ።

«ተይው» አለችኝ።

«ፍራሹ በሰበሰ እኮ፣ አንሴልማ!»

«ይበስብስ። አየር ይግባ።»

ወንበሬን ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝናቡ እኔንም መታኝ።