ከድንጋዩ ወዲያ የቆመው በርሜል

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ፎቶ አንሺው ደምመላሽ ግን አለመርሳቱ ብቻ አልበቃውም፤ ቂሙን እንደ ጨቅላ ልጅ ያበላው፣ ያጠጣው፣ ጧት ጧት ፀሐይ ያሞቀው ነበር።

ቂሙ የተወለደው በ1977 ነው። ያን ጊዜ ደምመላሽ ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ ሲወጣ ባለው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችው። በውስጧ ባለ ሦስት እግር፣ ጥጃ የሚያህል ካሜራ ቆሟል። ከካሜራው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ሁለት ድንጋዮች ተቀምጠዋል። በድንጋዮቹ መሀል የቆመ ፎቶ ውስጥ ይገባል፣ ከድንጋዩ ወዲያ የቆመ አይገባም። ሕጉ ይኸው ነው። ሙሽራና ሙሽሪት ከመሀል፣ የሙሽራው የድሮ ወዳጅ ከድንጋዩ ወዲያ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓንጉል ራሱ በእነዚያ ድንጋዮች መሀል አሥራ አንድ ጊዜ ተነስቷል። ሰውየው መነሳት ይወድ ነበር፤ መስታወት ባጣ ቀን በውሃ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲያይ ተገኝቷል ይባላል።

ታዲያ የጓንጉል ሚስት ወንድም ዘውገ አናጢ ነበርና የሚሠራበት ቤት አጣ። በአንዱ ሰኞ ደምመላሽ «ያለ ፈቃድ የመንገድ ፎቶ እያነሳ ለማይታወቅ ወገን ያቀብላል» ተባለና የቀበሌው እስር ቤት ገባ። ሰባት ወር። ሲወጣ ፎቶ ቤቱ አናጢ ቤት ሆኖ ጠበቀው። ካሜራው የለም። ሦስቱ እግሮቹ ግን አሉ፤ አጠር ተደርገው ተቆርጠው፣ ከላያቸው ጣውላ ተመትቶባቸው፣ በርጩማ ሆነው ዘውገ ተቀምጦባቸዋል። ደምመላሽ በሩ ላይ ደርቆ ሲቀር ዘውገ ቀና ብሎ አየውና በርጩማውን መታ መታ አደረገ።

«ጥሩ እንጨት ነው» አለው።

ደምመላሽ እስር ቤቱን ይቅር ይል ይሆናል፣ ቤቱንም ይተው ይሆናል፤ ያቺን በርጩማ ግን መቃብር ድረስ ይዟት ሊገባ በልቡ ማለ።

ሰባቱን ወር ስንቅ ያመላለሱለት እትዬ ጠሂራ ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዋር መስጊድ ጀርባ በርበሬና ቅመም ነፍተው የሚያድሩ ሴትዮ ናቸው፤ እሱም የጓሮ ክፍላቸውን ተከራይቶ ይኖር ነበር። እስረኛና ስንቅ አቀባይ አይተያዩም፤ ምሳ ዕቃው በዘብ እጅ ይገባል። ነገር ግን የብረት በሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ስለነበር ደምመላሽ በደረቱ ተኝቶ እግራቸውን ያይ ነበር። ኮንጎ ጫማ፣ ቀኟ ወደ ውስጥ ዞር ብላ የምትረግጥ እግር። በሰባት ወር ውስጥ የዘመድ ፊት አየሁ ከተባለ ያየው ያንን እግር ነው።

ከተፈታ በኋላ የአሰብ መስመር ሹፌር የሆነው ወዳጁ በሽር አንዲት ካሜራ አመጣለት። የሳሙና ሳጥን ታህላለች። ክዳኗን ወደ ጎን ሲስቧት ዓይኗን ትገልጣለች፤ መጫን ብቻ ነው፣ ሌላ ጣጣ የላትም። ደምመላሽ መጀመሪያ ናቃት። በአንዱ ዓርብ አንዋር ደጅ ቆሞ መንገዱን የሞላውን ሰጋጅ ሦስት ረድፍ አነሳሁ ብሎ ፊልሙን ሲያጥብ ግን ጉድ አየ። ሦስቱ ረድፍ ብቻ ሳይሆን ሚናራው፣ በግራ ብርቱካን ሻጩ፣ በቀኝ ጫማ ጠባቂው፣ ከታች ደግሞ የራሱ የደምመላሽ ጫማ ገብቷል። ዓይኗ ሰፊ ነው። ቀረብ ብሎ የተነሳ ሰው አፍንጫው እንደ መጥረቢያ ይቀድመዋል፤ ዳር የቆመ ደግሞ እንደ ሊጥ ይለጠጣል። በሽር እንደሚምለው ከሆነ፣ አሰብ ወደብ ላይ ባሕሩን ሊያነሳባት ሞክሮ የመን ገባችበት።

ደምመላሽ ይህንን ለማንም አልተነፈሰም። እንዲያውም ለጠየቀው ሁሉ፣ ከአውቶቡስ ተራ ተሸካሚ እስከ ሸማ ተራ ነጋዴ፣ ትንሽ ዓይን ትንሽ ነው የሚያይ፣ ይቺ በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ናት እያለ አስወራ። መርካቶ ደግሞ ወሬ ከተቀበለች አትመልስም። በሳምንቱ «የደምመላሽ ካሜራ ከሰውዬ አፍንጫውን ብቻ ነው የምታነሳ» እየተባለ ይሳቅበት ጀመር። ይሳቁ። እሱ የሚጠብቀው አንድ ሰው እንዲሰማ ነው።

ያ ሰው ሰማ። በ1978 ነሐሴ ማለቂያ ላይ ጓንጉል ደምመላሽን አስጠራው። መስከረም ሁለት የአብዮቱ በዓል ነው፤ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ጓንጉል ለሕዝቡ ስኳር ሲያድል የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ በአዳራሹ እንዲሰቀል ፈልጓል። ስኳሩ ግን የለም። ከሰኔ ጀምሮ በኅብረት ሱቁ የጓሮ በር እየወጣ ወደ ነጋዴ መጋዘን እንደሚገባ በቀበሌው ያላወቀ ቢኖር ማየት የተሳነው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሻዩን ሲቀምስ ያውቃል።

ፎቶው በሚነሳበት ጧት በሱቁ ግቢ ውስጥ «ስኳር» የሚል ማኅተም ያለባቸው ጆንያዎች እስከ ጣሪያ ተቆልለው ደምመላሽ አገኛቸው። ሽታቸውን ሲያሸት የገዛ ቤቱ ሸተተው። ሰጋቱራ ነው። ዘውገ በዚያች ፎቶ ቤት ውስጥ ዓመት ሙሉ የላገውን ሰጋቱራ በጆንያ እየሞላ ቆልሎታል፤ እንግዶቹ ከሩቅ አይተው እንዲሄዱ ነው። ያልተሞሉት ጆንያዎችም ለበዓሉ መድረስ አለባቸውና ሥራው አልቆመም።

ጓንጉል ሱሪውን ከፍ አድርጎ ታጥቆ መጣ። የድሮውን ሕግ አልረሳም፤ ሁለት ድንጋይ ራሱ አንከባሎ አስቀመጠ፣ በእርምጃ ለካ፣ ከቁልሉ ፊት መሀል ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ ዘውገን ከድንጋዩ ሁለት እርምጃ ወዲያ እንዲርቅ አዘዘው። ዘውገ በርጩማውን፣ አካፋውንና የሰጋቱራ ክምሩን ይዞ ሁለት እርምጃ ራቀ። ያችን በርጩማ።

«አሁን አልገባም?» አለ ጓንጉል።

«በዚያኛው በትልቁ ካሜራ እንኳ አይገባም ጓድ ሊቀመንበር» አለ ደምመላሽ። «በዚች ጭራሽ።»

«እንዲህ የተጠጋኸኝ ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ዓይኗ ትንሽ ናት። ካልተጠጋሁ እርስዎን ትስታለች።»

ጓንጉል ስኳር አነሳሁ ብሎ ማንኪያ ወደ ላይ ዘረጋ፤ ለፎቶው ተጠርተው የተሰለፉት ሴቶች ባዶ ከረጢታቸውን ዘረጉ፤ ካሜራዋ ቀጭ አለች። ደምመላሽ ዓይኑን ከጓንጉል አፍንጫ አልነቀለም ነበርና፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ከግራ በኩል የገባውን ሰው አላየም።

ፊልሙን የሚያጥበው በእትዬ ጠሂራ የበርበሬ ጓዳ ውስጥ ነበር። መስኮት የለውም፣ ጨለማ ነው፣ ቀይ አምፖል አንጠልጥሎበታል፤ ችግሩ ማስነጠሱ ነው። ያን ቀን አሥራ ሰባት ጊዜ አስነጥሶ ወረቀቱን ውሃው ውስጥ ነከረው። ምስሉ ከታች እንደ ዓሣ ብቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የጓንጉል አፍንጫ ወጣ፣ ቀጥሎ ጓንጉል ተከተለው። ከዚያ ጆንያዎቹ። ከዚያ ከድንጋዩ ወዲያ ዘውገ፣ በበርጩማው ላይ እንደ ጎጆ ተለጥጦ፣ በአካፋ ሙሉ ሰጋቱራ «ስኳር» ወደሚለው ጆንያ ሲጨምር። ደምመላሽ በደስታ የመጀመሪያውን ሳቅ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ እንደተከፈተም ቀረ።

ጆንያውን አፉን ከፍታ የያዘች ሴት አለች። ነጠላዋን ተከናንባለች፣ ፊቷ አይታይም። እግሯ ግን ይታያል። ኮንጎ ጫማ፣ ወደ ውስጥ ዞር ያለች ቀኝ እግር።

ወጥቶ ጠየቃቸው። እትዬ ጠሂራ ቅመም ከመንፋት ቀና ሳይሉ፣ የቀን ሥራ ነው፣ ጆንያ ያዢ ተባልኩ ያዝኩ፣ የሚገባውን ነገር አልጠየቅሁም አሉት። እንዳይጠይቁ እንደተነገራቸውም ጨመሩ።

ደምመላሽ ጓዳው ተመልሶ ወረቀቱን እያገላበጠ ተቀመጠ። እሳቸውን ልቁረጥ ቢል አካፋው አብሮ ይቆረጣል፤ አካፋው ከተቆረጠ ዘውገ በርጩማ ላይ ያረፈ አናጢ ብቻ ይሆናል። ፎቶው እንዳለ ከተሰቀለ ደግሞ ከዘውገ ጋር እሳቸውም ይታሰራሉ። ታዲያ እሳቸው ከታሰሩ ስንቅ ማን ያመላልስላቸዋል? ቂሙን ተወው ቢሉት ደግሞ፣ ያን ያህል ያሳደገውን ልጅ በገዛ እጁ ማረድ ሆነበት።

ፎቶ አንሺ ብሩሽ አለው። የሙሽሪትን ጠባሳ የሚያጠፋበት፣ ለራሰ በራ ፀጉር የሚያበቅልበት ቀጭን ብሩሽ። አራት ትልልቅ ወረቀት አያይዞ የአልጋ ልብስ የሚያህል ፎቶ ሠራና በላዩ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ጎብጦ እትዬ ጠሂራን በርሜል አደረጋቸው። ነጠላቸው የበርሜሉ ቆርቆሮ ሆነ፣ እጃቸው ቀለበቱ ሆነ፤ ጆንያው በርሜል ተደግፎ የቆመ ይመስላል። እግራቸው ላይ ሲደርስ ግን እጁ እምቢ አለው። ሦስት ጊዜ ብሩሹን ነከረ፣ ሦስት ጊዜ መለሰ። ያንን እግር ማጥፋት አልሆነለትም። ተወው።

ለጓንጉል ያሳየው ትንሹን ነው፤ ግራና ቀኙን በድንጋዮቹ ልክ ቆርጦ ያተመውን። ጓንጉል እያገላበጠ አየው፤ ዘውገ የለም፣ ሰጋቱራ የለም፣ ከኋላው ጆንያ ብቻ። ወደደው።

«አፍንጫዬ ምነው ገዘፈ?» አለ ብቻ።

«የታላቅ ሰው ምልክት ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

ትልቁን ደምመላሽ ራሱ በዋዜማው ሰቅሎ በቀይ መጋረጃ ሸፈነው። መስከረም ሁለት አዳራሹ ጢም አለ። ከከፍተኛው ሦስት እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል። ጓንጉል ረጅም ንግግር አደረገና ቀዩን መጋረጃ በገዛ እጁ ገለጠው። ፊቱ ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባው ወደ ፎቶው ስለነበር ጭብጨባ ጠበቀ። ከኋላ ግን አንዲት ሴት በአፍንጫዋ ሳቀች፣ ሳቁም እንደ ሰደድ እሳት ወደ ፊት መጣ።

ከእንግዶቹ ሽበታሙ ተነስቶ ወደ ፎቶው ተጠጋ፤ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ ጠየቀ።

«ጓድ ጓንጉል፣ በዚህ ቀበሌ ስኳር የሚፈበረከው በአናጢ ነው?»

ሱቁ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ ጆንያ በጩቤ ተቀደደ፤ ሰጋቱራው እስከ ሽበታሙ ጉልበት ፈሰሰ። የተጋነነ ከመሰላችሁ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሉት። ዘውገ በጓሮ በር ሊወጣ ሲል፣ ስኳሩ ይወጣበት በነበረው በዚያው በር ተያዘ።

ሽበታሙ ግን ብልህ ሰው ነበር። ወደ ፎቶው ተመልሶ በርሜሉን ትኩር ብሎ አየው። በርሜል ጫማ አያደርግም፤ ይህ የማን እግር ነው አለ። ሴቶቹ ሁሉ ተነስተው እንዲቆሙ ታዘዙ። እትዬ ጠሂራም ከመሀላቸው ቆሙ። በፎቶው ያስገባቸው ደምመላሽ፣ እግራቸውን የተወው ራሱ ደምመላሽ።

ሽበታሙ በረድፉ ሄደ። ኮንጎ ጫማ። ቀጥሎም ኮንጎ ጫማ። ኅብረት ሱቁ በዚያ ዓመት ያመጣው አንድ ዓይነት ጫማ ብቻ ነበር፤ ሴቱ ሁሉ ያንኑ ተጫምቷል። ወደ ውስጥ የዞረችውን እግር ፍለጋ ጎንበስ ሲል ደግሞ፣ መጀመሪያ ማን እንደጀመረችው እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ሰባ ሴቶች አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ቀኝ እግራቸውን ወደ ውስጥ አዞሩ። ሽበታሙ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ፣ ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ ደግሞ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በርሜሉን ተዉት አለ።

ጓንጉል፣ ደምመላሽ ታስሮበት ወደ ነበረው ክፍል ገባ። ፎቶ ቤቱ ታሸገ እንጂ ለባለቤቱ አልተመለሰም። በርጩማዋን ግን ደምመላሽ ከግቢው አንስቶ በብብቱ ይዟት ሄደ፤ ማንም የከለከለው የለም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ጠሂራ ምሳ ዕቃ ሲያዘጋጁ አያቸውና ለማን ነው አለ። የጓንጉል ሚስት ለዘውገ ብቻ ይዛ ትሄዳለች፣ ባሏን አኩርፋዋለች፣ ሰው በረሃብ አይሞትም አሉት። ደምመላሽ እንደ ሰጋቱራ ጨሰ። ለእሱ የመጣው ስንቅ ለዚያ ሰውዬ ሊሄድ።

«እዚያው ክፍል አይደል ያለው» አሉት። «መንገዱን ለምጄዋለሁ።»

ሊያስቆማቸው አልቻለም። ስለዚህ ከምሳ ዕቃው ታች፣ ከእንጀራው ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልሎ አንድ ትንሽ ፎቶ ሸጎጠ፤ ያንኑ፣ ከዘውገና ከበርሜሉ ጋር። እያየው ይብላ አለ። እያየው ይታነቅ።

ማታ ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ ፎቶው ተመልሷል። ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል። ደምመላሽ ወደ መብራቱ ጠጋ አለ። ይቅርታ ይሆን፣ ስድብ ይሆን፣ ልመና ይሆን ብሎ ነበር።

«አፍንጫዬን አሳንሳት» ይላል።

በማግስቱ ደምመላሽ ገና በጧት የበርበሬ ጓዳው ገባ። እያስነጠሰ ኔጋቲቩን እስከ መጨረሻው አሳደገው፤ ጆንያው ከወረቀቱ ዳር ወጥቶ ቀረ፣ ማንኪያው ወጣ፣ ግምባሩና አገጩ ወጡ። በምሳ ሰዓት እትዬ ጠሂራ ይዘውት ከሄዱት እንጀራ ሥር የነበረው ወረቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፍንጫ።