የሕፃኑ ሸሚዝ

ልብስ ሰፊው ልጁን ሚጣን ማባዛት ሲያስጠናት ሰንብቷል። ልጅቷ ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ሲሆን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ ከመሀል ሲጠይቋት ግን አፏ ይያዛል።

«አራት ጊዜ ስድስት?» አላት፣ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ።

«ከአንድ ልጀምር?»

«የለም፣ ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«ሠላሳ?»

«እኔ በአንቺ ዕድሜ በእንቅልፌ ነበር የምለው።»

ሚጣ አንገቷን ደፋች። እናቷ ወዲያ ማዶ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

«‹ጊዜ› ማለት ምን ማለት ነው ብትልህ ምን ትላታለህ?» አለችው።

«ጊዜ ጊዜ ነዋ።»

«አሁን ገባት» አለች እናት፣ ካውያውን ሳታቆም።

ሰውየው ነገሩ ከነከነው። ከተተኮሱት ሸሚዞች አራቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደረና የቁልፍ ጣሳውን ለልጁ ሰጣት። «በያንዳንዱ ላይ ስድስት ስድስት ቁልፍ አስቀምጪልኝ።»

አስቀመጠች። ስንት እንዳወጣች ሲጠይቃት አንድ ሁለት እያለች መቁጠር ጀመረች፤ የመጀመሪያውን ሸሚዝ ስትጨርስ ቆም አለች።

«ሁሉም እኮ ስድስት ነው» አለች። ከዚያ በጣቷ ሸሚዞቹን እየነካች፣ «ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አራት። አባዬ፣ ስድስቱን አራት ጊዜ አስቀመጥኩ ማለት ነው?»

«እሱ ነው።» ልቡ ሞቅ አለውና ከተተኮሱት አንድ ሸሚዝ ጨመረላት። «አሁንስ? አምስት ጊዜ ስድስት?»

ሚጣ ሸሚዙን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «አይሆንም።»

«ለምን?»

«ይሄ የሕፃን ነው። ቀዳዳው አራት ብቻ ነው።»

አባትየው ልብ አላለውም ነበር። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አራት ጊዜ ስድስት እላለሁ፤ የሱን አራት ለብቻው እደምራለሁ። ከነሱ ጋር እኩል ካልሆነ አብሮ አይባዛም።»

ሃያ ስምንት አለች። ሰውየው መርፌው ላይ ክር አስገብቶ ቁልፍ መትከል ጀመረ።

በሳምንቱ የፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። ሰባት ጊዜ ስምንትን ሃምሳ ሰባት ብላ ተሰርዞባታል። አባትየው ሊቆጣ ሲል ዳር ላይ የሣለቻቸውን ክቦች አየ። ሰባት ናቸው፤ በየውስጣቸው ነጠብጣብ አለ። አጠገቡ አስቀምጧት አብረው ቆጠሩ። ስድስቱ ውስጥ ስምንት ስምንት፣ አንዱ ክብ ውስጥ ግን ዘጠኝ ነጠብጣብ ተገኘ።

«ሐሳብሽ ልክ ነው» አላት። «እጅሽ ነው የቸኮለው።»

ሚጣ ላጲስ ፍለጋ ተነሳች።