ያልተቃጠለው ቡቃያ

ጋሽ ባንተአምላክ የበቆሎ እሸት ይብሉ ብለው ጠሩኝ። በግንቦት፣ ዝናቡ ገና ሳይገባ፣ ቡሬ ላይ እሸት ሲሉኝ የመስኖ ይሆናል ብዬ ሳልጠይቅ ሄድኩ፤ እሸት ሲባል አያስችለኝም። እሳቸው የምርምር ጣቢያችን ዘበኛ ናቸው። እኔ ደግሞ ግሪንሃውሱ ውስጥ የበቆሎ ዘረመል የምነካካዋ ሠርክአዲስ ነኝ።

ባለቤታቸው ሀብትነሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አንዱን ጥብስ በቆሎ ለእኔ ሰጥታ ሌላውን ራሷ መጋጥ ጀመረች።

«ሳምንቴ ነው፣ ከዚህ ሌላ የሚወርድልኝ የለም» አለችኝ እየሳቀች።

ግማሹን እንደበላሁ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አሥራ አንድ በቆሎ ቆሟል። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ያለችውን ሐምራዊ መስመር ሳይ ጠጋ ብዬ ቅጠሉን ገለበጥኩት። ያቺን መስመር ከእኛ በቆሎ በቀር የትም አላየኋትም።

«ጋሽ ባንተአምላክ፣ ይኼ ከየት መጣ?»

«የካቲት ላይ በዝቷል ብለው ነቅለው ያቃጥሉት ያሉኝ ነዋ! አረንጓዴ ቡቃያ እሳት ውስጥ ይጨመራል? እግዜርስ ምን ይለኛል? አምጥቼ ተከልሁት።»

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ለምን እንደሚቃጠል አንድ ቀን እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ለዘበኛ ምን ያደርግለታል ብዬ።

ደግነቱ ያስገባነው ዘረመል ተኝቶ ነው የሚኖረው። የሚነቃው ሥሩ ላይ አልኮል ያለበት ውኃ ሲፈስ ብቻ ነው። ሲነቃ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ትል የሚገድል ፕሮቲን ይሠራል፤ ሰው ቢበላው ምን እንደሚሆን ገና አልተፈተነም። እዚህ ማን አልኮል ያጠጣዋል ብዬ ትንፋሼ መለስ አለ።

«እንዲህ ያፋፋው እኮ አተላው ነው» አለች ሀብትነሽ ከኋላዬ። «አረቄ ባወጣሁ ቁጥር የቀረውን እሱ ሥር እደፋዋለሁ።»

ጎንበስ ብዬ አፈሩን አሸተትኩ። አረቄ አረቄ ይላል።

ፈራሁ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የፈራሁት ለእንጀራዬ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ቀና ስል ግን ሀብትነሽ ሁለተኛውን እሸት ይዛ ቆማለች፤ ፍሬ ጥርሷ ላይ አለ።

«ጣይው! አትብዪው!» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ሰምታ ስትጨርስ እሸቱን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

«ልጄን ምን ያደርገዋል?»

«አላውቅም።»

«የሠሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት አያውቁም?»

ጋሽ ባንተአምላክ አንዴ እኔን፣ አንዴ በቆሎውን ያያሉ።

ሀብትነሽ አጥሩን ተደግፋ ጎንበስ አለችና ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች፤ የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልታወጣው። ባሏ ትከሻዋን ይዘው «በቃሽ፣ ኧረ በቃሽ» ይሏታል። ምንም የሚወጣ ነገር አልቀረም። እሷ ግን ጣቷን መልሳ ከተተች።