ፀሐይ በማትጠልቅበት ሌሊት የተዘጋ በር

ኦይቫ የበሩን መንጠቆ ቀለበቷ ውስጥ ሲያስገባ ድምፅ እንዳታሰማ በአውራ ጣቱ ደግፎ ያዛት። ከዚያ በካልሲው እየተራመደ ወደ አልጋው ተመለሰ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሚስቱ ራይሊ።

«ቀስ በይ። ሰው እየመጣ ነው።»

«ይምጣ እንጂ!»

«ተኝተናል። እኛ ተኝተናል፣ በቃ።»

ራይሊ እግሮቿን ወደ አልጋዋ አወጣች እንጂ ጋደም አላለችም። ጎጆዋ ሁለት አልጋ፣ አንድ ምድጃና አንድ መስኮት ያላት፣ ዛፍ በማይበቅልበት ኮረብታ ላይ የተሠራች ናት። ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት ስለሆነች ቁልፍ የላትም። መንጠቆዋም ነፋስ በሩን እንዳያላትመው ነው የተሠራችው፤ ሰው እንዳይገባ አይደለም። በዚያ በሰሜን አገር ሕጉን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ ቀድሞ የደረሰ ዐርፏልና በኋላ ለመጣው ቦታ ይለቃል። ኦይቫ የደቡብ ሰው፣ የላህቲ ከተማ ሰው ቢሆንም ሕጉን ከአባቱ ተምሮታል።

ይህችን ሌሊት ግን ለብቻው ፈልጓት ነበር። ራይሊ በረዶው ከጣለ ጀምሮ የምትኖረው እህቷ ቤት ነው። ለምን እንደሄደች ሲጠይቃት «ራስህ ታውቃለህ» ከማለት ሌላ መልስ አልሰጠችውም። እሱ አያውቅም። ሥራው የሊፍት ጥገና ነው፤ የተበላሸ ነገር ምክንያቱ ባይነገረውም ፈልጎ ያገኛል። ይኼን ግን አላገኘውም። በመጨረሻ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኛትን የማትጠልቅ ፀሐይ ላሳይሽ ብሎ ለመናት፤ ለቅዳሜና እሑድ ብቻ እሺ አለችው። በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ ከዚያም በእግር መጡ። እኩለ ሌሊት ላይ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ዝቅ ብላ ስትቆም፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው «ቤትሽ ተመለሽ» ሊላት አስቧል። ባቡር ውስጥ ቃሉን ሲያጠና ነው ያደረው።

የሚመጣው ሰው የጫማ ድምፅ ደጃፉ ላይ ቆመ። በሩ ተሳበ፤ እንቢ አለ። ከዚያ ተንኳኳ።

«ቤቶች! እንደምን አመሻችሁ፣ ቤቶች!» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

ኦይቫ ዓይኑን ጨፈነ። እንደተኛ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ትንፋሹ ውሸት መሆኑ ለራሱም ጆሮ ተሰማው።

ሽማግሌው አልደገመም። የሰሜን ሰው በር ላይ አይለምንም። ጓዙን ሲያወርድ፣ ሲያቃስትና ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ኦይቫ» አለች ራይሊ በሹክሹክታ።

«ጥቂት ያርፍና ይሄዳል። ከሐይቁ ወዲያ ሌላ ጎጆ አለ።»

«በካርታው አሳይተኸኝ የለም እንዴ? የግማሽ ቀን መንገድ ነው።»

«የዚህ አገር ሰው ነው፤ ለምዶታል።»

«ምኑን? ደጅ ማደሩን?»

ጨለማ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። በሌላ ቦታ ሌሊት የሰውን ፊት ይሸፍናል። እዚህ ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ምድጃው ላይ የሚንተከተከውን ሾርባ፣ ሁለቱን አልጋዎች፣ የኦይቫን የተጨፈነ ዓይን ሳይቀር ያሳይ ነበር። ራይሊ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ተይ! ያይሻል።»

«ፀሐይ እንዳይ አይደል ያመጣኸኝ?»

ቆማ አየች። ብዙ ቆየች። ኦይቫም ተነሥቶ ከኋላዋ ቆመ። ፀሐይዋ እንደተባለው ከሐይቁ ማዶ ቀልታ፣ ምድሩን ሳትነካ ቆማለች። በፀሐይዋና በመስኮቱ መካከል ግን የሽማግሌው ጀርባ ነበር። ሱሪው እስከ ወገቡ ርሷል። በአንድ እጁ ከጫማው ውስጥ ውሃ ያፈስሳል፤ በሌላው አንገቱ ላይ የሰፈረውን ትንኝ ያባርራል። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ መስኮቱ አልዞረም።

«ለእህቴ ልጅም እንዲህ ነው ያደረግኸው» አለች ራይሊ።

«ለማን?»

«ለሳምፖ ነዋ! ያን ጊዜ በበረዶው፣ ደጅ ቆሞ ደወሉን ሲደውል። መብራቱን አጠፋህና ‹ተኝተናል› አልከኝ። እኔም እንደ በግ ተኛሁልህ። እስከ ዛሬ የልጁን ዓይን ማየት አልችልም።»

ኦይቫ «ሰክሮ ነበር» ሊል አፉን ከፈተ። ልጁ አልሰከረም ነበር። ሥራው ተበላሽቶበት ማደሪያ አጥቶ ነው የመጣው። ኦይቫ ያን ሌሊት ረስቶት ነበር፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ሌሊት ውስጥ ስትኖር ኖራለች። ከጆሮው እስከ አንገቱ ጋለ።

ሄዶ መንጠቆዋን አነሣት። አሁን ድምፅ አሰማች።

ሽማግሌው ዞር አለ። ፊቱ በትንኝ ንድፊያ አብጧል።

«ውይ፣ ቀሰቀስኳችሁ እንዴ? ይቅርታ፣ ልጆቼ። አስላክ እባላለሁ። የምናረባቸውን አጋዘኖች ስንሰበስብ ሰንብተን ስመለስ ሞተሬ ረግረግ ውስጥ ገባና ቀረ። እሱ እዚያ ተኝቷል፤ እኔ በእግሬ!» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

«ይግቡ፣ አባቴ፤ ይግቡ» ብላ ራይሊ ክንዱን ያዘችው።

«መቼም የከተማ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከዋለ እንቅልፉ ከባድ ነው። መድፍ ቢተኮስም አይሰማ።»

ማምለጫውን ራሱ ሽማግሌው ከፈተለት። ኦይቫ «አዎ» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ራይሊ ወደ እሱ አላየችም።

«አልተኛንም ነበር» አለ ኦይቫ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሲጣሩ ሰምቻለሁ።»

አስላክ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ካልሲውን አወለቀ፣ ጨመቀው፣ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። ቢሰድበው በተሻለ ነበር።

«ያ ሾርባ የዓሣ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«የዓሣ ነው።»

«እንግዲያው ስጠኝና ተወኝ። ከሞተሬ ጋር ስጣላ ነው የዋልኩት፤ ከሰው የምጣላበት አቅም የለኝም።»

ራይሊ ሳቀች። ኦይቫ አልሳቀም። ሾርባውን ቀድቶ በሁለት እጁ ሰጠው። ደረቅ ሱሪውን አውጥቶ የገዛ አልጋው ላይ አኖረለት። ከዚያ የመኝታ ከረጢቱን ጠቅልሎ ወጣ። ማንም «ቆይ» አላለውም።

ደረጃው ሽማግሌው የተቀመጠበት ቦታ ገና እርጥብ ነበር። እዚያው ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ ነበረች፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ መሬት መሬቱን አየ። ትንኙ አንገቱ ላይ ሰፈረ። አላባረረውም።

በሩ ተከፈተ። ራይሊ ደፉ ላይ ቆመች።

«ኧረ በሩን!» አለ አስላክ ከውስጥ። «ወይ ግቡ ወይ ውጡ፤ ትንኝ ጨረሰኝ!»

ራይሊ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው። አልተቀመጠችም። ክንዶቿን አጣምራ ሐይቁን ታይ ጀመር።

ያጠናው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ኦይቫ ዋጠው። ከረጢቱን ከእርጥቡ ደረጃ ላይ አነጠፈና ወደ ዳር ጠጋ አለላት።