በአጥር የሚታከም ቤት

1.

የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል።

ሰዳቢ፦ አቶ ቢምረው አድማሱ፣ የቀበሌው የጤና መድኅን ጸሐፊ።

ተሰዳቢ፦ ጎሚስታው አንሙት ፈንቴ።

ምስክር፦ ሰልፍ ላይ የነበሩ አሥራ አንድ ሰዎች። ዘጠኙ ሥቀዋል። ካልሣቁት ሁለቱ አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ አንዷን ጥርሷን አሟታል።

2.

አንሙት የሄደው እህቱን እታፈራሁን የቤተሰብ ካርዱ ላይ ሊያስመዘግብ ነበር። እታፈራሁ ከታመመች ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው። ድምፅ ትሰማለች፤ ድምፁ ሲያይልባት ብድግ ብላ ወደ አስፋልቱ ትወጣለች።

አቶ ቢምረው ብዕሩን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማው አድርጎ፣

«አንሙት፣ ያንተ ቤት በሽታ በካርድ አይታከምም። በአጥር ነው የሚታከም!» አለው።

በአጥር።

3.

አንሙት ምን መለሰ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው መልስ ቶሎ አይመጣለትም፤ የሚመጣለት ቤቱ ሊደርስ ሲል ነው። እናም ስምንት ዓመት ሙሉ፣ የተነፈሰ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እያየ፣ መልሱን ሲስል ኖረ።

ሀ) «እርስዎም ቤት ይግባ!» (እርግማን ሆነ። ተወው።)

ለ) «ሰው ለሰው እንዲህ ይላል?» (ልመና መሰለው። ተወው።)

ሐ)

4.

በስምንተኛው ዓመት የወጣ የክልሉ ረቂቅ አዋጅ፣ አንቀጽ 17። የጤና መድኅኑ የማይሸፍናቸው፦

1. ለውበት የሚደረግ ሕክምና
2. መነጽር
3. የአእምሮ ሕመም ሕክምና
4. ሰው ሠራሽ ጥርስ

እታፈራሁን ያስቀመጧት በመነጽርና በጥርስ መካከል ነው።

ተራ ቁጥር ሦስት ከተሰረዘች ክኒኗ በየወሩ በካርድ ይመጣል። ካልተሰረዘች አንሙት ሲሞላለት ይገዛል፣ ሳይሞላለት ይቀራል። በቀረ ወር እታፈራሁ አስፋልት ላይ ናት። ባለፈው ሰኔ ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ የአይሱዙው ሾፌር ፍሬን ይዞ ከወረደ በኋላ ተቀምጦ አለቀሰ።

5.

ከመስከረም ወዲህ የአቶ ቢምረው አጥር አደገ። ድሮ ቁልቋል ነበር። ቆርቆሮ ሆነ። በቆርቆሮው ላይ ሌላ ቆርቆሮ ተቀጠለበት። ልጁ ሐረገወይን ከዩኒቨርሲቲ አቋርጣ መጣች ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ሠፈሩ «ሌባ ፈርቶ ነው» አለ።

አንሙት ግን አጥር ያውቃል።

6.

ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ሊቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አቶ ቢምረው የሞተር ጎማ ይዞ መጣ።

— ቀዳዳው አንድ ነው?

— አንድ ነው።

— እሺ። (ግራ ቀኙን አይቶ) ያቺ… የእህትህ ክኒን። ስትውጠው እንቅልፍ ይወስዳታል?

አንሙት ቀና አለ። ከጸሐፊው እጅጌ ሥር፣ አንጓው ላይ፣ ገና ያልደረቀ የጥፍር ጭረት አየ። ምላሱ ጫፍ ላይ የደረሰችውን ቃል መልሶ ዋጣት።

— መጀመሪያ ሰሞን ያፈዛታል። ከምግብ በኋላ ይስጧት።

— ማንን?

— ጎማውን ነው ያልኩዎት። ንፋስ አያብዙበት።

7.

የቀበሌው አዳራሽ። ከክልሉ ምክር ቤት የመጡት የተከበሩ ወይዘሮ ስመኝ ናቸው። ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ አቶ ቢምረው።

አንሙት እጁን አወጣ።

ከኋላ የመጣ ድምፅ፦ ኧረ ጎሚስታው ሕግ ሊጠግን ተነሣ! (ሣቅ)

አንሙት፦ የተበሳውን ነው የምጠግን።

የእታፈራሁን ነገር ተናገረ። አጭር ነበር፤ ሣቁም ቆመ።

ወ/ሮ ስመኝ፦ አቶ አንሙት፣ አንጀቴን በሉት። ግን እውነቱን ልንገርዎ። ምክር ቤት ስገባ የሚጠይቁኝ «ስንት ቤት?» ብለው ነው። አንድ ቤት ከሆነ «የሰውየው ዕጣ ነው» ይሉኛል። ከየቀበሌው ቢያንስ ሁለት ቤት በስም ይዤ ካልሄድኩ ተራ ቁጥር ሦስትን አያነሡልኝም። እዚህ ሌላ ቤት የለም?

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

ወ/ሮ ስመኝ፦ አቶ አንሙት፣ እርስዎስ አያውቁም?

8.

ከቃለ ጉባኤው፦

የአእምሮ ታማሚ ያለባቸው ቤቶች
1. አቶ አንሙት ፈንቴ
2.

ብዕሩ እዚያ ላይ ቆመ። አቶ ቢምረው ቀና አላለም። እጅጌውን ብቻ ወደ መዳፉ ሳብ አደረገ።

9.

ያኔ ሐ) መጣ። ስምንት ዓመት የተጠበቀው።

«አዎ፣ አለ። በአጥር የሚታከም ቤት። ጸሐፊው ራሱ ይጻፈው።»

እዩት እስቲ፤ ምን ይጎድለዋል? ስድቡ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ተራ ቁጥር ሦስትም ትሰረዛለች። እታፈራሁ ደግሞ የቀራት ክኒን ለስድስት ቀን ነው።

ስድስት።

አንሙት አፉን ከፈተ። ዞር ብሎ ወንበሮቹን አየ። ያኔ ከሣቁት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ መልካቸውን አንድ በአንድ ያውቃል። ሰባቱም አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ቆርቆሮ ውስጥ ያለችውን ልጅ አሰበ። እሷ ሰድባው አታውቅም።

10.

«አቶ አንሙት?» አሉ ወይዘሮ ስመኝ።

ኮፍያውን ከወንበሩ አነሣ። አቶ ቢምረውን አንድ ጊዜ አየው፤ የተነፈሰን ጎማ እንደሚያይ፣ ቀዳዳው የት እንዳለ እያወቀ። ከዚያ በሰዎቹ መካከል አልፎ፣ ሳይመልስ፣ ወጣ።

ከኋላው የተሰማ ነገር የለም።

ብዕር ሲጽፍም ድምፅ የለውም።

11.

2. አቶ ቢ