መብረቅ ቁጭ አለ
ሲስተር በየቤቱ እየዞረች ቁስል ማጠብ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እስከዛሬ ከደጅ የመለሳት ሰው የለም። የመለሳት ውሻ ነው። መብረቅ ይሉታል፤ ጥጃ የሚያህል፣ ጥቁር፣ በኋላ እግሩ ቆሞ የብረቱን በር የሚያንቀጠቅጥ።

አባወራው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ባለቤታቸውን የእግር ቁስል አልጋ ላይ ካዋላቸው ወር አልፏል። ሲስተር በመጣች ቁጥር ሹፌሩ የውሻውን አንገት አንቀው ይዘው፣ ወገባቸውን እያመማቸው፣ "አንተ! ዝም በል!" እያሉ ሰፈሩን ያደባልቁታል። እሳቸው ሲጮኹ መብረቅ ይብስበታል።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ አብረውት የሚጮኹ ነው የሚመስለው" አለቻቸው።

"ታዲያ ዱላ ነው እንጂ ምን ይገባዋል?"

"ዱላውን ያስቀምጡት። ለእኔ ይተዉት።"

በማግስቱ የተቀቀለ ጉበት እንደ ባቄላ ፍሬ አሳንሳ ቆራርጣ በፌስታል ይዛ መጣች። በሩ እንደተዘጋ ከውጭ ቆመች። መብረቅ ጮኸ፤ እሷ ዝም። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ጸጥ ሲል፣ በዚያችው ቅጽበት "ጎበዝ!" ብላ አንዲት ቁራጭ በፍርግርጉ ወረወረችለት። ውሻው ግራ ገባው። በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ከሰላምታ አይበልጥም ነበር።

ከዚያ ቁራጯን ከአፍንጫው ከፍ አድርጋ ያዘች። ሊያያት ሲያንጋጥጥ ቂጡ ራሱ መሬት ነካ።

"ቁጭ! ጎበዝ!"

ሹፌሩ ከበረንዳ ሆነው ያያሉ። "ይሄማ ጉቦ ነው!"

"ደሞዝ ነው ጋሼ። እርስዎስ በነጻ ነው የነዱት?"

ከመኝታ ቤት የባለቤታቸው ሳቅ ተሰማ።

"ቆይ" አስቸገረ። አንድ እርምጃ ስትርቅ ብድግ ይላል። አልተቆጣችውም፤ ጉበቱን ነፍጋ እንደገና ቁጭ ታደርገዋለች። ሁለት እርምጃ፣ አምስት፣ ዐሥር።

በሁለተኛው ሳምንት ሹፌሩ መድኃኒት ሊገዙ በወጡበት ሲስተር ደረሰች። ከውስጥ "ልጄ፣ ድረሽልኝ!" የሚል ድምፅ ሰማች። ያለ ሹፌሩ ገብታ አታውቅም። ቢሆንም እጇ አላመነታም፤ መቀርቀሪያውን ሳበችው።

"ቁጭ" አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። ቁጭ አለ። "ቆይ።" በአጠገቡ አልፋ ገባች።

ሴትዮዋ ከአልጋ ሊወርዱ ሲሉ ወድቀው ፋሻው በደም ርሷል። ደግፋ አስተኛቻቸው፣ ቁስሉን ተጭና ደሙን አቆመች፣ በአዲስ ፋሻ አሰረችላቸው። ስትወጣ መብረቅ በረንዳው ሥር ደርሷል። ጨርሶ ቆየ አይባልም፤ ግን ትንፍሽ አላለም። የፌስታሉን ጉበት በሙሉ ሰጠችው።

ሹፌሩ የሆነውን ሲሰሙ ውሻውን አዩት። በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ስትደርስ፣ ጉበት ይዘው ራሳቸው ከፊቱ ቆሙ።

"ቁጭ" አሉ፣ በዝግታ። ቁጭ አለ። "አሁንስ ምን ልበለው?"

"ጎበዝ ይበሉት።"

"ጎ... ጎበዝ።"

ከውስጥ ባለቤታቸው ተጣሩ፦ "አንተ ሰውዬ፣ እኔን በአርባ ዓመት አንዴ እንደዚህ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ሹፌሩ ጉበቱን እንደያዙ ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሲስተር የመሣሪያ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ በረንዳው ላይ ከመብረቅ ጋር ጥቂት ጠበቀቻቸው።

ቁስሉ በሁለት ወር ደረቀ። በመጨረሻው ቀን በሩን የከፈቱላት ሴትዮዋ ነበሩ፤ በእግራቸው ቆመው፣ ውሻው በጎናቸው ቁጭ ብሎ።